ምንም ሳትሸጥልኝ የሸኘችኝ ፋርማሲስት

ሦስት ሳምንት ሙሉ ልጽፍ ልጽፍ ስል ሥራ አዘገየኝ። ባለፈው እሑድ አባቴ በእግራቸው ቅዳሴ ሄደው ሲመለሱ ሳይ ግን ምስጋናውን ከዚህ በላይ ማሳደር አልቻልኩም። ኮተቤ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ባለች አንዲት ጠባብ መድኃኒት ቤት የምትሠራ ፋርማሲስት አለች። ስሟን እንዳልጽፍ አጥብቃ ስለ ለመነችኝ አልጽፍም።

አባቴ 74 ዓመታቸው ነው። አንድ ማታ ገላቸው በሽፍታ ተሞልቶ ሲያኩ አደሩ። ጠዋት ሮጬ የገባሁበት ሌላ መድኃኒት ቤት ያስተናገደኝ ሰው ዕድሜያቸውን እንኳን አልጠየቀኝም። ትንንሽ ቢጫ ክኒኖች በወረቀት ጠቅልሎ «በቀን ሦስት ጊዜ» አለኝና ወደሚቀጥለው ሰው ዞረ። ሽፍታው ጠፋ፤ አባቴም አብረው የጠፉ ያህል ሆኑ። ቀኑን ሙሉ ያንቀላፋሉ፤ ሲነቁ አፋቸው ደርቆ ምላሳቸው ይተሳሰራል። በሦስተኛው ሌሊት ከሞተች ዓመታት ያለፏትን እናቴን እየጠሩ ተነሡና ደጃፍ ላይ ወደቁ። የወሰድኳቸው ክሊኒክ ምን እየወሰዱ እንደሆነ ሳይጠይቅ ሌላ መርፌ ወጋቸው። ስለ መደነባበራቸው ስናገር «እርጅና ነው» ተባልኩ። ያ ቃል እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። አባቴ ከሳምንት በፊት ጋዜጣ ያለ መነጽር የሚያነቡ ሰው ነበሩ!

ወደዚህች ልጅ የሄድኩት ያለቀውን ክኒን ልገዛ ነበር። «ለማን ነው?» አለችኝ። ስነግራት እጇን ከመደርደሪያው መለሰች። «ወንድሜ፣ ዛሬ ምንም አልሸጥልህም። አባባ የሚወስዱትን ሁሉ፣ የጉንፋን ሽሮፕም ቢሆን፣ በፌስታል አድርገህ አምጣልኝ። እሳቸውንም ይዘሃቸው ና።»

ፌስታሉን ባንኮኒው ላይ ዘረገፈችው። እኔው በገዛሁላቸው የጉንፋን ሽሮፕ ውስጥ ያው የቢጫው ክኒን መድኃኒት፣ ክሎርፌኒራሚን፣ ነበረበት። ለካ ሳላውቀው ደራርቤ እሰጣቸው ነበር! ለዓመታት የሚወስዱት የእንቅልፍ ክኒን ደግሞ በላዩ ሲጨመር መፍዘዙ ይብሳል። ስለ አሠራሩ ብዙ አስረዳችኝ፤ ሁሉንም አልያዝኩትም። የገባኝ እነዚህ የቆዩት የአለርጂ መድኃኒቶች ወደ አንጎል ስለሚዘልቁ እንደሚያስተኙ፣ አረጋዊን ደግሞ እንደሚያደነባብሩና እንደሚጥሉ ነው።

ከዚያ ከባንኮኒው ወጥታ አጠገባቸው ተቀመጠች፤ እጃቸውን ይዛ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አባባ፣ ሽንትዎ እንዴት ነው?» አለቻቸው። አባቴ አንገታቸውን ደፉ። ከትናንት ጀምሮ እንቢ ብሏቸው ኖሯል፤ ለእኔ ለልጃቸው መንገር አፍረው ነው የተሠቃዩት። የፕሮስቴት ዕጢ ሕመም እንዳለባቸው ያን ጊዜ ነገርኳት። መድኃኒቱ እንዲህ ዓይነት ሰው ላይ ሽንት ሊዘጋ ይችላል አለችን። የወሰዱትን ሁሉ ከነመጠኑ በወረቀት ጽፋ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሰደደችን። በቱቦ ሽንታቸው ሲወጣላቸው የሰማሁት «እፎይ» ከጆሮዬ አይጠፋም። ማታ ደውላ እንዴት እንደዋሉ ጠየቀችኝ። ከእኔ አንዲት ሳንቲም አልወሰደችም እኮ!

አሁን የሚያሳክካቸው ሲነሣ ሐኪሙ ያዘዘላቸውን ሎራታዲን በቀን አንድ ጊዜ ይወስዳሉ፤ ያን ያህል አያስተኛም። የእንቅልፍ ክኒኑን ግን በራሳችን በድንገት እንዳናቋርጥ አስጠንቅቃናለች።

እኔ የአዲስ አበባና የደሴ መስመር ሾፌር ነኝ። አንድ ክረምት ለጉንፋን ብዬ ያንኑ ቢጫ ክኒን ውጬ ጣርማ በር ላይ፣ በዚያ ጉም ውስጥ፣ ዓይኔ ተከድኖ በረዳቴ ጩኸት ነበር የነቃሁት። ከኋላዬ ስንት ነፍስ ነበር! ድካም መስሎኝ ኖርኩ። ይህን ስነግራት ቆጣ አለችኝ፤ ያን ክኒን የወሰደ ሰው መሪ እንዳይጨብጥ፣ መጠጥም እንዳይቀምስበት ነገረችኝ። የሥራ ባልደረቦቼ፣ እባካችሁ ይህን ስሙ።

ሕፃን እንዲተኛ ብላችሁ እነዚህን ሽሮፖች የምትሰጡ እናቶችም ስሙኝ፤ ጎረቤቴ ታደርገው ስለነበር ነው። ከእነዚሁ የቆዩ የአለርጂ መድኃኒቶች አንዱ፣ ፕሮሜታዚን የሚባለው፣ ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም፤ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። በአለርጂ ምላስ ወይም ጉሮሮ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ ደግሞ ክኒን እየዋጡ የሚጠብቁት ነገር አይደለም ብላናለች ፋርማሲስቷ። ያን የሚመልሰው የአድሬናሊን መርፌ ነው፤ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል መሮጥ፣ ወይም በ907 የቀይ መስቀልን አምቡላንስ መጥራት ነው።

ኮተቤና አካባቢው ያላችሁ፣ እባካችሁ ወደ እሷ ሂዱ። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ መንገዱን እኔ አሳያችኋለሁ። ቤት ያለውን መድኃኒት በሙሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ፤ አትሰለችም፣ አትቆጣም፣ አንድ በአንድ ታይላችኋለች። እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። አባቴ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አቋራጩን ትተው በደጅሽ በኩል ዞረው ይመጣሉ፤ እሑድ መድኃኒት ቤቱ ዝግ ቢሆንም በሩ ላይ ቆመው መርቀውሽ ነው የሚያልፉት።