ኦውንስ እና ሶን፦ የበርሊን ሁለት ጀግኖች

የ1936ቱ (እ.ኤ.አ.) የበርሊን ኦሊምፒክ ሲነሳ ቀድሞ የሚጠራው አሜሪካዊው ጥቁር አትሌት ጄሲ ኦውንስ ነው። ይገባዋል። በ100 ሜትር፣ በ200 ሜትር፣ በርዝመት ዝላይና በ4 በ100 ዱላ ቅብብል 4 ወርቅ ወስዶ የናዚዎችን የዘር የበላይነት ስብከት እዚያው በመዲናቸው አፈር አስግጦታል። ለእኔ ግን የማራቶኑ አሸናፊ የሶን ኪ ቾንግ ድል ይከብዳል።

ኦውንስ በአገሩ በቆዳው ቀለም ቢገፋም የሮጠው በገዛ ስሙ ነው። የሶን አገር ኮሪያ ግን በጃፓን ቅኝ ግዛት ሥር ነበረች፤ ስሙ እንኳ በጃፓንኛ «ሶን ኪቴ» ተብሎ ተመዘገበ። በ2 ሰዓት ከ29 ደቂቃ ከ19 ሰከንድ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ ሲያሸንፍ የተዘመረለት የገዢዎቹ መዝሙር ነው። ሦስተኛ የወጣው ናም ሱንግ ዮንግም ኮሪያዊ ነበር፤ ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ። ሶን በተሸለመው የኦክ ችግኝ ደረቱ ላይ ያለውን የጃፓን ዓርማ ሸፈነ። ዶንግኣ ኢልቦ የተባለው የኮሪያ ጋዜጣ ዓርማውን ከፎቶው አጥፍቶ በማተሙ ጋዜጠኞቹ ታሰሩ፣ ኅትመቱም ለወራት ታገደ።

ከድሉ በኋላ ኦውንስም አልደላውም፤ ለእንጀራው ሲል ከፈረስ ጋር እስከ መሽቀዳደም ደርሷል። ሶን በአገሩ በተካሄደው የ1988ቱ (እ.ኤ.አ.) የሴኡል ኦሊምፒክ መክፈቻ ችቦ ይዞ ስታዲየም ገባ። ወርቁ ግን ዛሬም በጃፓን ስም ተመዝግቦ ይገኛል።