ብሮሞክሪፕቲን ወይስ ካበርጎሊን?

ሳትወልድ ጡቷ ወተት የሚያወጣ፣ የወር አበባዋም የቀረባት ሴት ብዙ ጊዜ ችግሯን ደብቃ ትከርማለች። ያሳዝናል፤ መድኃኒት አለውና።

መንስኤው አንዳንዴ ከአንጎል ሥር ባለው፣ ሆርሞን በሚያመነጨው ፒቱታሪ ዕጢ ላይ የሚወጣ፣ ካንሰር ያልሆነ ትንሽ እብጠት ነው። ጡት ወተት እንዲያመርት የሚያደርገውን ፕሮላክቲን የተባለ ሆርሞን ያለልክ ይለቃል። በጤናማ ሰው ይህን የሚገታው ዶፓሚን የተባለ የአንጎል ኬሚካል ነው። ብሮሞክሪፕቲንና ካበርጎሊን የተባሉት ሁለቱም መድኃኒቶች የዶፓሚንን ሥራ ይሠራሉ፤ እብጠቱንም ያሳንሳሉ።

ብሮሞክሪፕቲን በየቀኑ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአንዴ በላይ፣ ከምግብ ጋር ይዋጣል። ማቅለሽለሽና ሲነሱ ማዞር ያበዛል። እስከ 9 ሰዓት ለምትጾም የጎንደር እናት ይህ ቀላል አይደለም። ካበርጎሊን ግን በሳምንት 1 ወይም 2 ጊዜ ከእራት ጋር ይበቃል። ፕሮላክቲንን በማውረድም ይበልጣል። ከደባርቅ ጎንደር ለክትትል ለምትመላለስ ሴት እኔ እሱን እመርጥላታለሁ። ማርገዝ ለምትፈልግ ግን ብሮሞክሪፕቲን ረጅም ዘመን የተፈተነ ነው፤ ከሐኪሟ ጋር ትምከርበት።

ከሁለቱም በፊት ግን አንድ ነገር ይጣራ። ማስመለስን ለማስቆም የሚታዘዘው ሜቶክሎፕራሚድና ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ሪስፔሪዶን ዶፓሚንን ስለሚያግዱ ራሳቸው ፕሮላክቲንን ከፍ ያደርጋሉ። የምትወስጂውን ሁሉ ለሐኪም ንገሪ፤ በራስሽ ግን አታቋርጪ።