ቼይንሶ ለማገዶ፦ ቻይናው 5800፣ ስቲል 250፣ ትልቁ 381 ወይስ የኤሌክትሪክ?

ሰሞኑን ሶስት ሰው የትኛውን ቼይንሶ (የሰንሰለት መጋዝ) ልግዛ ብሎ ስለጠየቀኝ አንዴ ጽፌ ልገላገል። ሱሉልታ ላይ ቤተሰባችን ትንሽ ባሕር ዛፍ አለው፣ በዓመት ሁለቴ ሶስቴ እየቆረጥን ለእንጀራም ለድግስም እናነዳለን፣ ስለዚህ የማወራው ስለ ማገዶ ነው፣ ጣውላ ለሚሰነጥቅ ሰው ሌላ ወሬ ነው።

ሱቅ ውስጥ ማንም የማይነግራችሁ ነገር ከፍታው ነው። የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል፣ ሱሉልታ ደግሞ ከ2,600 ሜትር በላይ ናት፣ እንጦጦ ጫፍ ከሆናችሁማ ይብሳል፣ እና ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ጉልበት ሩብ ያህሉን ገና ከመጀመሪያው ቀንሱት። አየሩ ስለሚሳሳ ቤንዚኑ ይበዛበታል፣ ሞተሩ ይጨሳል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ሰዉ "ተበላሸ" ብሎ መካኒክ ጋ ይሮጣል። ካርቡራቶሩ ላይ ኤች (H) የሚለውን የቤንዚን መመጠኛ ቪት በካቻቢቴ ትንሽ ወደ ቀኝ ማጥበቅ ነው፣ ትንሽ ብያለሁ፣ ከልክ ካጠበቃችሁት ፒስተኑ ይነክሳል፣ ማለት ግሎ ይጣበቃል።

ስቲል (የመጋዝ ብራንድ ነው) 170 ትንሿ ናት፣ 30 ሲሲ፣ 1.2 ኪሎዋት፣ እዚህ ስትመጣ ከ1 ኪሎዋት በታች ትሆናለች። ቅርንጫፍ ለመመልመል ቆንጆ ናት፣ ግንድ ላይ ግን ታስለቅሳችኋለች።

ቻይናው 5800 (የሞዴል ስም ነው፣ ዋጋ አይደለም) ሁሉም ሰው የሚገዛው ነው። ላዩ ላይ 58 ሲሲ ይላል፣ ውስጡ ብዙ ጊዜ 54.5 ነው፣ ቢሆንም ለጭን የሚያክል ባሕር ዛፍ ይበቃዋል። ትልቁ ጥቅሙ መለዋወጫ ነው፣ መርካቶ ካርቡራቶሩ በሉት ክላቹ በሉት የመጎተቻ ገመዱ በሉት አይጠፋም፣ ዋጋውም ከኦሪጅናሉ ጋር አይወዳደርም። ችግሩ አንዱ እንደ ሌላው አይደለም፣ ጓደኛዬ የገዛው አራተኛ ዓመቱን ይዟል፣ የአጎቴ ልጅ ደግሞ ከዛው አይነት ገዝቶ በሁለተኛው ሳምንት ሰንሰለቱ ላይ ዘይት መርጨት አቆመበት። ከገዛችሁ መጀመሪያ ቪቶቹን በሙሉ አጥብቁ፣ ንዝረቱ ስለሚበዛ ይፈታሉ።

ስቲል 250 የኔ ምርጫ ነው፣ 45 ሲሲ፣ 2.3 ኪሎዋት፣ ያለ ላማ (ሰንሰለቱ የሚዞርበት ረጅሙ ብረት) እና ያለ ሰንሰለት 4.6 ኪሎ። ቀኑን ሙሉ ብትይዙት ወገብ አይገድልም፣ ከፍታው ከቀነሰበት በኋላም የሚተርፈው ጉልበት ለማገዶ በቂ ነው። ግን ኦሪጅናል መሆኑን አረጋግጡ፣ እኔ መጀመሪያ የገዛሁት የታወቀ ስም የተለጠፈበት አስመስሎ የተሠራ ነበር፣ ቀለሙ ልክ፣ ጽሑፉ ልክ፣ በሶስተኛው ቀን ማርሚታው ተፈትቶ ሳር ውስጥ ስንፈልገው ዋልን። ሻጩ ጋ ስመለስ "እኔ ኦሪጅናል ነው አላልኩም" አለኝ፣ እውነቱን ነው፣ እኔም አልጠየቅኩም!

ስቲል 381ን ለማገዶ የሚገዛ ሰው አይገባኝም። 72 ሲሲ፣ 6.6 ኪሎ ባዶውን። ለትልልቅ ግንድ፣ ለነጋዴ። የክንድ ውፍረት ያለውን እንጨት በሱ መቁረጥ ሽንኩርት በመጥረቢያ መክተፍ ነው።

የኤሌክትሪኩን ግን አትናቁት። እንጨቱ ግቢያችሁ ድረስ በአይሱዙ ተራግፎ የሚመጣላችሁ ከሆነ ባለ 2000 ዋቱ ከሁሉም ይሻላችኋል፣ ካርቡራቶር የለው ከፍታ አይነካው፣ አይጨስ፣ ጎረቤት አያማርር። ወደ 9 አምፔር ስለሚስብ ቀጭን ኤክስቴንሽን ላይ ሰክታችሁ 50 ሜትር አትጎትቱት፣ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሽቦ ይሁን። መብራት ከሄደ ያው ቁጭ ነው፣ ጫካ ውስጥም አይሠራም። ሁለት ባትሪ የሚበላውን አይነት ሞክሬዋለሁ፣ ጥሩ ነው ግን ባትሪው ከመጋዙ ይወደዳል።

የትኛውንም ግዙ፣ ሞረድ አብራችሁ ግዙ። ሰንሰለቱ .325 (ኢንች፣ የሰንሰለቱ ልክ ነው) ከሆነ 4.8 ሚሊ ክብ ሞረድ፣ ትንንሾቹ ላይ 4 ሚሊ ነው። አንዴ ደንዝዞ ሳላውቅ እየታገልኩ ሳለ ጎረቤታችን ሽማግሌው ቆመው አዩኝና ከግንዱ ሥር ያለውን ዱቄት በእጃቸው ዘግነው "ልጄ፣ ይሄን ለእንጀራ ነው የምትፈጨው?" አሉኝ። ስለት ያለው ሰንሰለት ፍርፋሪ ነው የሚያወጣው፣ ዱቄት ካያችሁ አቁማችሁ ሞርዱ። የደረቀ ባሕር ዛፍ ደግሞ ድንጋይ ነው፣ እርጥቡን ቆርጣችሁ ፈልጣችሁ አድርቁት።

ቤንዚኑን በባዶው እንዳትሞሉ፣ ቱ ስትሮክ ዘይት ይቀላቀላል። ጥሩ ዘይት ከሆነ 1 ለ50፣ ማለት ለ5 ሊትር 100 ሚሊ፣ ቻይናው ላይ 1 ለ25 ካለ 200 ሚሊ። ለሰንሰለቱ የተቃጠለ የመኪና ዘይት የሚያደርጉ አሉ፣ ፓምፑን ይደፍነዋል፣ የአጎቴ ልጅ የገዛውም ሲፈታ ጥቁር ጭቃ ነበር በውስጡ፣ ስለዚህ ቻይናውን ብቻ መውቀስ ይከብደኛል።

የላማውን ጫፍ እንጨት ላይ አታስነኩ፣ ዘሎ ወደ ፊታችሁ ነው የሚመለሰው፣ ከፊት ያለው የእጅ ፍሬን ሲገፋ ሰንሰለቱን ቀጥ የማያደርግ መጋዝ ከሆነ በነፃም ቢሰጧችሁ አትውሰዱ። ይሄንን ሱቁ ደጃፍ ላይ አስነስታችሁ ሞክሩት፣ ሻጩ "ቤንዚን የለም" ካለ እናንተ በሃይላንድ ይዛችሁ ሂዱ።