አሮጌ ሃይሉክስ ወይስ አሮጌ ላንድክሩዘር ፒካፕ? ጎንደር ለሚኖር ገዢ

አሮጌ ፒካፕ ፈልጋችሁ ደላላ ስታናግሩ ሁለት የቶዮታ ስሞች ቶሎ ይነሳሉ። አንዱ እ.ኤ.አ. ከ1988 እስከ 1997 የተሠራው ሃይሉክስ ነው፤ 2.8 ሊትር ናፍጣ፣ መካኒኮች «ስሪ ኤል» የሚሉት ሞተር ያለው። ሌላው እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ የወጣው ባለ 4.2 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር ላንድክሩዘር ነው፤ ሞተሩ «ዋን ኤች ዜድ» ይባላል። ሁለቱም ቱርቦ (አየር በኃይል ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የላቸውም። የሞተር ኮምፒውተርም የላቸውም። ጎበዝ መካኒክና መፍቻ ካለ ይበቃቸዋል። እስካሁን የሚፈለጉትም ለዚሁ ነው።

በጉልበት ላንድክሩዘሩ ይበልጣል፤ ወደ 130 የፈረስ ጉልበት አለው፣ ሃይሉክሱ ወደ 90። ይህ ግን የቆላ ሒሳብ ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ስለዚህ ሃይሉክሱ እዚህ የ70 ፈረስ መኪና ነው በሉት። ባዶውን ችግር የለበትም። ቶን እህል ጭናችሁ ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ስትወጡ ግን ያስለምናችኋል። ላንድክሩዘሩ ያንኑ ዳገት ብዙም ሳይጨነቅ ይወጣዋል።

ወጪው ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ደህና የተያዘ ሃይሉክስ በአንድ ሊትር ከ9 እስከ 10 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ላንድክሩዘሩ ከ7 እስከ 8። ኖዝል (ናፍጣውን የሚረጨው) እና ካንዴሌታ (ሞተሩ እንዲነሳ የሚያሞቀው) ሲቀየር አንዱ አራት፣ ሌላው ስድስት ይፈልጋል። ደግሞም ሃይሉክስ ደብል ጋቢና በቀላሉ ይገኛል፤ ቤተሰብ ይዞ ይሄዳል። የዚያ ዘመን ላንድክሩዘር ፒካፕ ግን አብዛኛው ነጠላ ጋቢና ነው።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ከተማ ውላችሁ አልፎ አልፎ ደባርቅ ወይም ጎርጎራ ለምትሉ ሃይሉክስ ይሻላል። መተማ አካባቢ እርሻ ያለውና ሁልጊዜ ከባድ ጭነት የሚያመላልስ ሰው ላንድክሩዘር ይግዛ። ለስም ብቻ ላንድክሩዘር መግዛት ግን ናፍጣ ማቃጠል ነው። ወገባችሁን የሚያማችሁ ከሆነ ደግሞ ሁለቱንም እርሷቸው፤ የዚያ ዘመኖቹ አብዛኞቹ ከኋላም ከፊትም ባሌስትራ (ጠንካራ፣ የተነባበረ የብረት ሞላ) ናቸው።

የሃይሉክሱ ትልቁ በሽታ ሙቀት ነው። አንዴ ክፉኛ ከሞቀ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይሰነጠቃል፣ ከስሩ ያለው ማሸጊያ ጋርኒሲዮኑም ይቃጠላል። ስለዚህ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ጠብቁኝ በሉት ባለቤቱን። ቀድሞ አሙቆ ከጠበቃችሁ ሌላ ቀን ተመለሱ። ከመነሳቱ በፊት የራዲያተሩን ክዳን ክፈቱ። ውሃው ላይ ዘይት ካለ ወይም የዘይት ክዳኑ ስር ወተት የመሰለ አረፋ ካያችሁ ዋጋ አትጠይቁ። ሞተሩ ተነስቶ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ካላቋረጠም እንዲሁ። ይህን ካለፈ ወደ ጎሃ ሆቴል የሚያወጣውን ዳገት ውጡበት፤ ዓይናችሁ ከሙቀት መለኪያው አይነሳ። ጥቁር ጭስ የናፍጣ ፖምፓውን ወይም ኖዝሉን ያሳብቃል። ሰማያዊ ጭስ ግን ዘይት እየበላ ነው፤ ይኼኛው ብዙ ብር ነው።

የላንድክሩዘሩ ሞተር እንዲህ በቀላሉ አይታመምም። ችግሩ ሰዉ አይከብደውም ብሎ ያለልክ የሚጭንበት መሆኑ ነው። ስለዚህ ሞተሩን ትታችሁ ከስር ግቡ። ሻንሲው (የመኪናው የብረት አጽም) ላይ፣ በተለይ የባሌስትራው ማሰሪያ አካባቢ፣ የብየዳ ምልክት ፈልጉ። አዲስ ቀለም ከስር ብቻ ከተቀባ አንድ ነገር ተደብቋል። ለላሜራው ትንሽ ማግኔት ያዙ፤ ካልያዘ ስቱኮ (ጉዳት የሚሸፍን መሙያ) ነው።

ሁለቱም የታይሚንግ ቺንጋ (የቫልቭንና የፒስተንን እንቅስቃሴ የሚያስተባብር ቀበቶ) አላቸው። ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ መቀየር አለበት። የአሮጌ መኪና ኪሎ ሜትር ቆጣሪ ደግሞ አይታመንም። ስለዚህ በገዛችሁ ሳምንት ቀይሩት፤ ወጪውንም ከዋጋው ላይ ተደራደሩበት።

ድርድሩ ግን ቀላል አይሆንም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከከለከለ በኋላ፣ አሮጌ መኪና የያዘ ሰው ለመሸጥ አይቸኩልም። እናንተም አትቸኩሉ። ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናው ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩ። ሞተር የተቀየረበት መኪና ብዙ ነው። መቀየሩ ነውር የለበትም። ሊብሬው ላይ ካልተስተካከለ ግን ስም ማዞር ላይ ትቸገራላችሁ። ስለዚህ ቀብድ የሚባል ነገር ሳትሰጡ ሻጩ ራሱ አስተካክሎ ይምጣ።