ላቲን፣ ቤሲስ ወይስ ዲሲ ኢንተርናሽናል? ሦስት የዋሽንግተን ዲሲ ቻርተር ትምህርት ቤቶች ሲነጻጸሩ

ልጃችን አራተኛ ክፍል ከገባበት ቀን ጀምሮ እኔንና ባለቤቴን ያከራከረን ጉዳይ በሚቀጥለው ዓመት የት ይማር የሚለው ነበር። በዋሽንግተን ዲሲ ከመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ግማሽ ያህሉ የሚማሩት በቻርተር ትምህርት ቤቶች ነው። እነዚህ ትምህርት ቤቶች በመንግሥት ገንዘብ የሚተዳደሩ በመሆናቸው ክፍያ አይጠይቁም፤ የራሳቸው ቦርድና የማስተማሪያ ዘዴ አላቸው፤ የሰፈር ወሰን ስለሌላቸውም የከተማው ነዋሪ ሁሉ ማመልከት ይችላል። ከከተማው ውጭ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ የሚኖር ወገን ግን ልጁን ማስገባት የሚችለው ቦታ ከተረፈ ብቻ ነው፤ ያም ቢሆን የነዋሪ ያልሆነ ክፍያ ይጠየቃል።

ካየናቸው መካከል ለንጽጽር የመረጥኳቸው ሦስቱን ነው።

ቤሲስ ዲሲ በ2012 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የተከፈተ ሲሆን ከአምስተኛ እስከ አስራ ሁለተኛ ክፍል ያስተምራል። ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ እያንዳንዳቸው ራሳቸውን ችለው ይሰጣሉ፤ በዓመቱ መጨረሻ ዓመቱን ሙሉ የተማሩትን የሚያጠቃልል ፈተና አለ፤ የላይኛው ክፍል ተማሪዎችም በርካታ የኮሌጅ ደረጃ ኮርሶችን ይወስዳሉ። በፈተና ውጤት ሰንጠረዥ ላይ ስሙ ከላይ የሚገኘው በከንቱ አይደለም። ይሁንና ሰንጠረዡን የሚያነብ ወላጅ ከውጤቱ ጎን የተማሪውን ቁጥርም ቢያይ እመክራለሁ። በአምስተኛ ክፍል የሚገባው ልጅና በአስራ ሁለተኛ ክፍል የሚመረቀው በቁጥር በጣም ይራራቃሉ፣ የወጣውን የሚተካ አዲስ ተማሪም በላይኛው ክፍል አይገባም፤ ስለዚህ የምናደንቀው ውጤት ጸንተው የቀሩት ልጆች ውጤት ነው። ሕንጻው መሐል ከተማ፣ ከጋለሪ ፕሌስ ባቡር ጣቢያ ጥቂት ደቂቃ የእግር መንገድ ላይ በመሆኑ ለመጓጓዣ እጅግ ምቹ ነው፤ ልጆች የሚሯሯጡበት ሜዳ ግን የለውም። ኳስ ለማይጠግብ ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ዋሽንግተን ላቲን በ2006 የተመሠረተ ሲሆን እርሱም ከአምስተኛ ክፍል ይጀምራል፤ በ2022 ደግሞ በመምህርቷ አና ጁሊያ ኩፐር ስም የተሰየመውን ሁለተኛ ግቢ ከፍቷል። እያንዳንዱ ተማሪ የላቲን ቋንቋ ይማራል፤ በተጨማሪም ከሚሰጡት ዘመናዊ ቋንቋዎች አንዱን ይመርጣል፤ ከእነዚህም አንዱ አረብኛ ነው። እኔን የማረከኝ ግን ቋንቋው ሳይሆን ተማሪዎች ክብ ሠርተው ስለ አንድ ጽሑፍ የሚወያዩበት ልማድ ነው። በቤታችን ልጅ በአዋቂ ፊት ዝም እንዲል ተደርጎ ስለሚያድግ፣ ሐሳቡን አስረድቶ የሌላውንም አዳምጦ የሚመልስበት ቦታ ማግኘቱ ከሂሳብ ነጥብ ያላነሰ ዋጋ አለው ብዬ አምናለሁ። የቤት ሥራው ቀላል ባይሆንም አካሄዱ ከቤሲስ የረጋ ነው።

ዲሲ ኢንተርናሽናል በ2014 የተከፈተ ሲሆን የሚገኘው በቀድሞው የዋልተር ሪድ ወታደራዊ ሆስፒታል ግቢ ነው። በብዙ አገሮች የሚሠራበትን የኢንተርናሽናል ባካሎሬት የትምህርት መርሐ ግብር የሚከተል ሲሆን ስፓኒሽ፣ ፈረንሳይኛና ቻይንኛ ያስተምራል። እንደ ዩ ዪንግ፣ ላምብ፣ ስቶክስ፣ ዲሲ ባይሊንግዋልና ሙንዶ ቬርዴ ካሉ የቋንቋ ትምህርት ቤቶች ለሚመጡ ልጆች መንገዱ አስቀድሞ የተጠረገ ነው፤ ሌሎች በከተማው የትምህርት ቤት ዕጣ፣ ማለትም በሎተሪ፣ ይገባሉ። ሁለት ቋንቋ በቤቱ ይዞ ለሚያድግ ልጅ ሦስተኛውን መጨመር እንደምንፈራው ከባድ አይደለም። ልዩነቱ ይህ ትምህርት ቤት ከስድስተኛ ክፍል የሚጀምር መሆኑ ነው፤ ይህም ማለት ልጁ አሁን ባለበት ትምህርት ቤት አምስተኛ ክፍልን ጨርሶ ከእኩዮቹ ጋር ይወጣል፤ ለላቲንና ለቤሲስ ግን አንድ ዓመት ቀድሞ መለየት አለበት። ሦስቱንም በአንድ ማመልከቻ ላይ መደርደር የማይቻለውም ስለዚህ ነው።

ስለ ሎተሪው ትንሽ ልበል። አንድ ልጅ እስከ 12 ትምህርት ቤት መርጦ በቅደም ተከተል ማስቀመጥ ይችላል፤ መረጃው በአማርኛም ተተርጉሞ ይገኛል። ልጁ ለአንዱ ሲደርሰው ከዚያ በታች ከደረደራቸው ሁሉ ይሰረዛል፤ ከዚያ በላይ ባስቀመጣቸው ግን በተጠባባቂነት ይቆያል። ስለዚህ «ይህኛው ይከብዳል፣ ወደ ታች ላድርገው» ማለት ራስን መጉዳት ነው። ደግሞም ነገሩ ዕቁብ አይደለም፤ ዘንድሮ ያልደረሰው በሚቀጥለው ዓመት እንደ አዲስ ያመለክታል እንጂ ተራ አይጠበቅለትም። ታናሽና ታላቅ በአንድ ትምህርት ቤት ሲሆኑ ቅድሚያ ስለሚሰጥ፣ ብዙ ልጆች ያሉት ቤተሰብ የመጀመሪያውን ልጅ ምርጫ ለሁሉም እንደሚመርጥ ሆኖ ማሰብ ይኖርበታል።

ሌላው መታየት ያለበት የትምህርት ቤቱ ጽናት ነው። የቻርተር ትምህርት ቤት ፈቃድ የሚሰጠው ለ15 ዓመት ሲሆን ተቆጣጣሪው ቦርድ ቢያንስ በየአምስት ዓመቱ ይገመግመዋል፤ ግምገማው ለሕዝብ ክፍት ነው። በነሐሴ 2024 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ኢግል አካዳሚ የተባለው የከተማው ቻርተር ትምህርት ቤት ትምህርት ሊጀመር ጥቂት ቀናት ሲቀሩት መዘጋቱን ላስታወሰ ወላጅ፣ የገንዘብ አያያዙን የሚገልጸውን ገጽ ማንበብ ትርፍ ሥራ አይሆንበትም።

እኛ ላቲንን በሁለቱም ግቢ አስቀድመን ሞላን፤ ቤሲስን ግን ልጁ ራሱ ሜዳ የለውም ብሎ ስለተቃወመ ተውነው። ካልደረሰን አምስተኛ ክፍልን ባለበት ይጨርሳል፤ ከዓመት በኋላም ለዲሲ ኢንተርናሽናል እናመለክታለን።