የትኩረትና የግብታዊነት መለኪያዎች ንጽጽር፦ ለትምህርት ቤትና ለክሊኒክ የትኛው ይበጃል?

በደብረ ብርሃን፣ በሸዋ ሮቢት ወይም በመሐል ሜዳ የትኩረት ችግር ያለባቸውን ልጆች ለመለየት መለኪያ ሊገዛ ያሰበ ትምህርት ቤት ወይም ክሊኒክ ሁለት ምርጫ ይቀርብለታል፤ አንዱ ልጁ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ የሚሠራው ፈተና፣ ሌላው ወላጅና መምህር የሚሞሉት መጠይቅ ነው። የኮምፒውተሩ ፈተና የልጁን ምላሽ በሺኛ ሰከንድ ስለሚለካ የበለጠ ሳይንሳዊ ይመስላል። ነገር ግን በአንድ ልጅ ላይ ውሳኔ የሚሰጥበት ከሆነ፣ ገንዘብና ጊዜ አስቀድሞ ሊውል የሚገባው በመጠይቁ ላይ ነው እላለሁ።

ምክንያቴ አስተማማኝነት ነው። ያው ሰው ከሳምንታት በኋላ ዳግም ሲፈተን ውጤቱ ምን ያህል እንደሚቀራረብ ከ0 እስከ 1 በሚደርስ ቁጥር ይገለጻል። በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ ራስን የመግዛት መለኪያዎችን በአዋቂዎች ላይ ያነጻጸረ ጥናት የመጠይቆቹን መካከለኛ ቁጥር 0.7 ያህል፣ እንደ ኮምፒውተሩ ያሉ የተግባር ፈተናዎችን ግን 0.31 ብቻ ሆኖ አግኝቶታል። ለምሳሌ ከ1935 ጀምሮ በሚታወቀው የስትሩፕ ፈተና፣ ተፈታኙ ቃሉ የተጻፈበትን ቀለም እንዲናገር ሲጠየቅ፣ በሌላ ቀለም የተጻፈ የቀለም ስም ሁሉንም ሰው ማለት ይቻላል ያዘገያል፤ ሁሉም በተቀራራቢ መጠን ሲዘገይ ግን አንዱን ሰው ከሌላው መለየት ያስቸግራል።

የቁጥሩን ክብደት እንመልከት። አማካዩ 50፣ መደበኛ ልዩነቱ (ውጤቶች ከአማካዩ የሚርቁበት የተለመደ መጠን) 10 በሆነና ቁጥሩ ሲጨምር ችግሩ በሚከብድበት መስፈሪያ አንድ ልጅ 62 ቢያገኝ፣ የፈተናው አስተማማኝነት 0.60 ከሆነ የስሕተቱ ክልል፣ ማለትም እውነተኛው ውጤት ሊገኝበት የሚችለው ስፋት፣ ከ50 እስከ 74 ይዘረጋል፤ ይህ ማለት ልጁ ፍጹም ደህና ወይም ከባድ ችግር ያለበት ሊሆን ይችላል ማለት ነው። አስተማማኝነቱ 0.90 ሲሆን ክልሉ ከ56 እስከ 68 ይጠብባል። በእኔ እምነት እንደ መጀመሪያው ባለ ሰፊ ክልል ላይ ተመሥርቶ የልጅ ዕጣ መወሰን የለበትም።

ከኮምፒውተር ፈተናዎች መካከል ኮነርስ ሲፒቲ 3 በ14 ደቂቃ ውስጥ 360 ጊዜ የላቲን ፊደላትን እያሳየ፣ ከኤክስ በስተቀር ለሁሉም ቁልፍ እንዲጫኑ ይጠይቃል። ቶቫ 22 ደቂቃ ያህል ቢወስድም የሚያሳየው ፊደል ሳይሆን አራት ማዕዘን ቅርጽ ስለሆነ፣ በአማርኛ ፊደል ለተማረ የመንዝ ልጅ ይሻላል። ሆኖም ኮምፒውተር ነክቶ የማያውቅ ልጅ በቁልፉ እንግድነት ሊዘገይ እንደሚችል አይዘነጋ፤ የማነጻጸሪያው ቁጥርም ከሌላ አገር ልጆች የተወሰደ ነው።

መጠይቁም እንከን የለሽ አይደለም። ከ6 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች የተዘጋጀው ቫንደርቢልት የተባለ መጠይቅ በነፃ ይገኛል፤ ነገር ግን በተጨናነቀ ክፍል የሚያስተምር መምህር ከመቀመጫው የሚነሳውን ልጅ ያስተውልና በጸጥታ ሐሳቡ የሚባዝነውን ይዘነጋል። በ1987 እ.ኤ.አ. ብዙ ጥናቶችን ያጠቃለለ ሥራ እንደ ወላጅና መምህር ባሉ የተለያዩ ምስክሮች መካከል ያለው ስምምነት በአማካይ 0.28 መሆኑን አሳይቷል፤ ልጅ በቤትና በክፍል የተለያየ ጠባይ ስለሚያሳይ ግን አለመስማማቱ ሁሉ ስሕተት አይደለም። ስለዚህ ከሁለቱም ወገን ማስሞላት ግዴታ ነው፤ ወደ አማርኛ የተመለሰውም መጠይቅ በአካባቢው ልጆች ላይ መሞከር ይኖርበታል።

ኮምፒውተሩን ለተጨማሪ መረጃ የሚፈልግ ገዢ፣ ሻጩን ዳግም ሲፈተኑ የተገኘው አስተማማኝነት ስንት እንደሆነ፣ በስንት ጊዜ ልዩነትና በየትኛው ዕድሜ እንደተለካ ይጠይቅ። መብራት በመካከል ቢቋረጥ ፈተናው ከመጀመሪያው ስለሚደገምና የደከመ ልጅ ውጤት ስለሚዛባ፣ ባትሪው የሚይዝ ላፕቶፕም አብሮ ይታሰብበት።