ለሳይኮሎጂ ተማሪዎቻችን መንገድ ላሳየችው አማካሪ ምስጋና

በግቢያችን የሙያ ማዕከል የሳይኮሎጂ ተማሪዎችን የምታማክረውን እህታችንን በአደባባይ ማመስገን አለብኝ። ስሟን እንዳልጽፍ አደራ ስላለችኝ አልጽፈውም። በግቢው ያላችሁ ግን የት እንደምትቀመጥ ታውቃላችሁና ሂዱ። ደግሞም አራተኛ ዓመት እስክትደርሱ አትጠብቁ፤ ሁለተኛ ዓመት ስትጨርሱ ሂዱ።

እንዲህ የምወተውተው ልጆቹ ሌላ ቦታ የሚገጥማቸውን ስለማውቅ ነው። "የካሪየር ስልጠና" እየተባለ ብር የሚሰበሰብበት አዳራሽ አለ። ቀኑን ሙሉ "ትችላላችሁ!" ሲባል ይዋላል፣ ማታ ሰርተፍኬት ይዞ ፎቶ መነሳት ነው፤ አንድ የሥራ ማስታወቂያ እንኳ አይነበብም። ሌላው የሳይኮሎጂ ተማሪ መሆኗን ሲሰማ "እሱ ሥራ የለውም፣ አካውንቲንግ ጨምሪበት" ብሎ ይሸኛታል። ከሁሉም የከፋው "እንደተመረቃችሁ የማማከር ቢሮ ክፈቱ" የሚለው ነው። በመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ፣ ያለ ክሊኒካል ስልጠናና ያለ ሱፐርቪዥን (ልምድ ያለው ባለሙያ ሳይከታተለው)፣ ሕይወቱን ሊያጠፋ ካሰበ ሰው ፊት ብቻውን የሚቀመጥ ልጅ ራሱንም ተገልጋዩንም ይጎዳል። ወላጅ ከጉሮሮው ነጥቆ በሰጠው ገንዘብ እንዲህ ያለ ምክር ተሸጦላቸው ሲመለሱ አንጀቴ ያርራል።

እሷ ጋ ሥራው የሚጀመረው ከማስታወቂያ ነው። ተማሪው ከኢትዮጆብስና ከጋዜጣ አሥር ማስታወቂያ ለቅሞ ይመጣል። "ሳይኮሎጂስት" የሚል ርዕስ ብቻ የሚፈልግ ልጅ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ምክንያቱም አብዛኛው ሥራ በሌላ ስም ነው የሚወጣው፦ የሕፃናት ጥበቃ ኬዝ ወርከር (የተገልጋዮችን ጉዳይ የሚከታተል ሠራተኛ)፣ የሥነ ልቦናና ማኅበራዊ ድጋፍ ሠራተኛ፣ የትምህርት ቤት ጋይዳንስና ካውንስሊንግ፣ የሰው ኃይል አስተዳደር። ግርጌው ላይ "ሳይኮሎጂ፣ ሶሻል ወርክ፣ ሶሲዮሎጂ ወይም ተዛማጅ መስክ" የሚለው ነው ዋናው። ከዚያ በሁሉም ላይ የሚደጋገመውን ያሰምራሉ። ሪፖርት መጻፍ፣ ኤክሴል፣ በኮቦ ቱልቦክስ (መጠይቅ በስልክ የሚሞላበት መሣሪያ) መረጃ መሰብሰብ፣ ቋንቋ። ጋምቤላ፣ አሶሳ ወይም ጅግጅጋ አካባቢ ለስደተኞች ፕሮጀክት ሲቀጠር የአካባቢውን ቋንቋ መቻል ከግሬድ በላይ ሚዛን የሚደፋበት ጊዜ ብዙ ነው። ልጆቻችን ግን ቋንቋቸውን ሲቪው መጨረሻ ላይ በአንድ መስመር ይቀብሩታል። እሷ ወደ ላይ ታወጣዋለች።

የተሰመረው ነገር ነው የፕራክቲከም፣ ማለትም ድርጅት ውስጥ ገብቶ የሚሠራውን የተግባር ልምምድ፣ ቦታ የሚያስመርጠው፤ ጓደኛ ስለሄደ ወይም ለዶርም ስለቀረበ ተብሎ አይመረጥም። የፕራክቲከም መዝገብ ከመጀመሪያው ቀን ይያዛል፤ ቀን፣ ሰዓት፣ የተሠራው ሥራ፣ የሱፐርቫይዘሩ ፊርማ። የምስክር ደብዳቤው የመጨረሻው ሳምንት ላይ፣ ሰዓቱና ሥራው ተዘርዝሮ፣ ማኅተም ተመትቶበት ይወሰዳል። ስንቱ ነው "ስመረቅ እወስደዋለሁ" ብሎ ሱፐርቫይዘሩ ለቅቆ የጠበቀው! ክረምቱ ላይ የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጣውን የመጀመሪያ የሥነ ልቦና እርዳታ መመሪያ በነፃ አውርደው ያነባሉ። መመልከት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት የሚለው መርሁ ቴራፒስት መሆንን ስለማይጠይቅ ለመጀመሪያ ዲግሪ ምሩቅ ልኩ ነው።

ከሁሉ በላይ ያከበርኳት ግን በአንድ ፎልደር ነው። አንዲት ተማሪ ለቃለ መጠይቅ ልትይዘው ያዘጋጀችውን አምጥታ ሰጠቻት። ውስጡ ፕራክቲከም ላይ የጻፈችው የአንድ ተገልጋይ ኬዝ ሪፖርት አለ፤ ስሙን ቀይራዋለች። አማካሪዋ ሁለት መስመር አንብባ ፎልደሩን ዘጋችው። አልተቆጣቻትም። ዕድሜው፣ ቀበሌው፣ የእናቱ ሥራና የመጣበት ወር ተጽፎ ሳለ ስም መቀየር እንደማይበቃ፣ የሰፈር ሰው በአንድ ንባብ እንደሚያውቀው፣ ቀጣሪም ይህን ካየ ልጅቷ ምስጢር እንደማትጠብቅ ቆጥሮ እዚያው እንደሚጥላት በዝግታ አስረዳቻት። ሪፖርቱ ወደ ድርጅቱ እንዲመለስ አደረገች። በምትኩ ሲቪው ላይ "በሱፐርቫይዘር ክትትል የመጀመሪያ ቃለ መጠይቅና የመዝገብ ሥራ" ብለው የኬዞቹን ቁጥር ብቻ አስገቡ። ከዚያ "ስለ ምስጢር ጥበቃ ሲጠይቁሽ መልስሽ ይኸው ነው" አለቻት። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ገብታ ቀና ብላ ወጣች። እኛ መምህራኑ በሥነ ምግባር ኮርስ ስናስተምረው የነበረውን እሷ በአንድ ወረቀት አሳየች። እግዚአብሔር ይስጥልን!

የመጨረሻው ሴሚስተር ላይ ጠንካራ ናት። የመውጫ ፈተናው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ግዴታ ስለሆነ፣ 50 በመቶ ያላመጣ ዲግሪ ስለማያገኝ፣ ማመልከቻ መበተኑን አስቁማ ወደ ንባብ ትመልሳቸዋለች። ሆስፒታል ውስጥ ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ሆኖ መሥራት ለሚመኘው ሁለተኛ ዲግሪ እንደሚያስፈልገው፣ ለዚያም የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና እንዳለ ሳትሸፋፍን ትነግረዋለች። ወረቀቱንም አትረሳም። ኦሪጅናሉ ዲግሪ የወጪ መጋራት ዕዳ እስኪከፈል ስለሚቆይ ቴምፖውን (ጊዜያዊ ዲግሪውን) እና ስቱደንት ኮፒውን (የውጤት ማስረጃውን) በብዛት ኮፒ አድርገው፣ ስካንም አድርገው እንዲይዙ ታደርጋለች። ተማሪ አንቀበልም ያሉ ድርጅቶችን በስልክ እንዴት እንደምታግባባቸው ግን እስካሁን አልገባኝም።

እህቴ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፤ የልፋትሽን ዋጋ ፈጣሪ ይክፈልሽ። የሳይኮሎጂ ተማሪ ልጅ፣ እህት ወይም ወንድም ያላችሁ ሁሉ እባካችሁ ላኩላት። ሌላ ዩኒቨርሲቲ ያላችሁም የግቢያችሁን የሙያ ማዕከል ጠይቁ፣ አገልግሎቱ ለተማሪ ነው የተቋቋመው። ወደ እሷ ስትሄዱ ስቱደንት ኮፒያችሁን፣ የፕራክቲከም መዝገባችሁንና አሥሩን ማስታወቂያ ይዛችሁ ሂዱ፤ ማስታወቂያ ሳይዝ የመጣውን ይዞ እንዲመጣ ትመልሰዋለች።